የአባትዎን ኦሜጋ ያድርጉት፣ ሆስፒታል ግን ይዘውት አይግቡ

ጥያቄ፦ «አባቴ ትቶልኝ ያለፈው ኦሜጋ ኮንስቴሌሽን ሰዓት አለኝ። ለሙት ዓመቱ አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ እናቴ ናት የሰጠችኝ። ብረት ነው፣ ራሱን በራሱ ይሞላል፣ ቀን አለው፣ ጀርባው ላይ ባለ ጉልላት ቤትና ኮከቦች ተቀርጸውበታል። ከፍቶ ያየው ሰው የውስጥ ቁጥሩ በ19 ሚሊዮን ይጀምራል ብሎኛል። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ሥራዬ ነርስ። በየቀኑ፣ ለሥራም ጭምር ላደርገው እፈልጋለሁ። ወንድሜ ‹እንዲህ ያለ ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው› ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ፊቱ ነጠብጣብ ስላለው ‹አሳድሺው› ይሉኛል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ሳለሁ እንዳየሁት ቀኑ የሚቀየረው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦

እህቴ፣ የአባትዎን ነፍስ ይማር። መልሱን ላስቀድም፤ አዎ፣ በየቀኑ ያድርጉት። ለሥራ ግን አያድርጉት። ከሁሉም በፊት ደግሞ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ሳያጥበውና ዘይት ሳይቀባው አንድ ሳምንት እንኳ እጅዎ ላይ አይዋል። ወንድምዎ ለሰዓቱ ማሰባቸው መልካም ነው፣ መሳቢያው ግን አያድነውም። ዘይት ሰዓቱ ቢሠራም ባይሠራም ይደርቃል፤ በክዳኑ ዙሪያ ውሃ የሚከለክለው ጎማ፣ ጋርኒሲዮኑም፣ ተቀምጦ ይደነድናል። ሃያ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከርሞ «እንደ አዲስ ነው» ተብሎ የሚመጣልኝ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ውስጡ ተጣብቆ ነው የማገኘው።

መጀመሪያ በእጅዎ ያለው ምን እንደሆነ እንወቅ። ኦሜጋ ኮንስቴሌሽንን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ጀርባው ላይ ያዩት ባለ ጉልላት ቤት የከዋክብት መመልከቻ ነው፤ ስምንት ኮከቦች ከላዩ አሉ። ያኔ የሰዓት ትክክለኛነት የሚፈተነው በእነዚህ መመልከቻዎች ስለነበር ኦሜጋ በውድድሩ ያሸነፈበትን ክብር ነው ጀርባው ላይ ያስቀረጸው። በ19 ሚሊዮን የሚጀምር ቁጥር ሰዓቱን እ.ኤ.አ. ወደ 1962 ገደማ ያደርሰዋል። ቀን ያለውና ራሱን የሚሞላ ስለሆነ ውስጡ ያለው ማሽን 561 የሚባለው ሳይሆን አይቀርም፤ ክዳኑ ሲከፈት ቁጥሩ ማሽኑ ላይ ይነበባል። ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸው 24 የሩቢ ድንጋዮች አሉት፣ በሰዓት 19,800 ጊዜ ይመታል፣ እስከ ጫፍ ከተሞላ ወደ 50 ሰዓት ይሄዳል። ኦሜጋ ራሳቸውን ከሚሞሉ ማሽኖች የትኛውን አሳምሮ ሠራ ቢሉኝ የ550ዎቹን ቤተሰብ ነው የምጠራው፤ 561ም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ በዚህ የሚከራከሩኝ ሰዓት ሠሪዎች ግን ብዙ አይደሉም።

ስለዚህ ሰዓቱ ሲሠራ በየቀኑ እንዲደረግ ታስቦ ነው የተሠራው። አባትዎም ሳያደርጉት የቀሩ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ዘይት። ብዙ ሰው ሰዓቱ «ቲክ ቲክ» ካለ ደህና ነው ብሎ ያስባል። በሰዓት 19,800 ምት ማለት በቀን 475,200፣ በዓመት ከ173 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ባላንስ የሚባለው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ጎማ ዘንግ ነው፤ ጫፉ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ብረት ነው፣ የሚሽከረከረውም በሩቢ ድንጋይ ውስጥ በተነደለ ቀዳዳ ነው። በመካከላቸው ያለችው ለዓይን የምታስቸግር የዘይት ጠብታ ናት። ጠብታዋ ስትደርቅ ከአቧራና ከብረት ብናኝ ጋር ተቀላቅላ ማለስለሷን ትታ መሞረድ ትጀምራለች። ጉዳቱ የሚደርሰው ታዲያ ሰዓቱ ቆሞ ሳለ ሳይሆን ሲሄድ ነው። ደርቆ የቆመ ሰዓት ይታጠባል፣ ይድናል። ደርቆ እየሄደ አምስት ዓመት የቆየ ግን መለዋወጫ ይጠይቃል።

በእርስዎ ማሽን ላይ በተለይ የምፈራው አንድ ቦታ አለ። ሰዓቱን የሚሞላው በእጅ እንቅስቃሴ የሚሽከረከረው ግማሽ ክብ ብረት ነው፣ ሮተር ይባላል። የ550ዎቹ ሮተር የተሰቀለው በቀጭን ዘንግ ላይ ሲሆን ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት ዘይት ካጣ ይበላል፤ ያን ጊዜ ሮተሩ ዘመም ይልና ጠርዙ ክዳኑን ወይም ማሽኑን መፋቅ ይጀምራል። ይህን ራስዎ ማወቅ ይችላሉ። ጸጥ ባለ ክፍል ሰዓቱን ጆሮዎ ላይ አስጠግተው ቀስ ብለው ያዘንብሉት። ለስለስ ያለ የመሽከርከር ድምፅ ጤናማ ነው። ሻካራ የብረት ድምፅ ከሰሙ አያድርጉት። ክዳኑ ሲከፈትም በውስጠኛው ገጽ ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ የተፋቀ መስመር ካለ፣ ማሽኑ ላይም ቢጫማ ዱቄት ከታየ፣ ሰዓት ሠሪው ያን ቀለበት ሳይቀይር መልሶ እንዳይዘጋው ይንገሩት። አጥቦ ብቻ ቢመልስልዎ በስድስት ወር ውስጥ ያው መፋቅ ይመለሳል።

ስለ ሥራዎ። ሆስፒታል ለዚህ ሰዓት ከዓለም ክፉ ቦታዎች አንዱ ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ከሁሉ የከፋው የኤምአርአይ ክፍል ነው፤ መሣሪያው ራሱ ኃይለኛ ማግኔት ነው። ዛሬ ማግኔት የሚቋቋም ተብሎ ለሚሸጥ ሰዓት የተቀመጠው ዓለም አቀፍ መለኪያ 4,800 አምፔር በሜትር ነው፣ በሌላ የማግኔት ኃይል መለኪያ ወደ 60 ጋውስ። የተለመደው የኤምአርአይ መሣሪያ 1.5 ቴስላ ነው፣ ማለትም 15,000 ጋውስ፤ የመለኪያው 250 እጥፍ። እዚያ ክፍል ገብቶ የወጣ ሰዓት ጸጉር የምታህለው ስፕሪንጉ እርስ በርሷ ተሳስባ በቀን ብዙ ደቂቃ ወደፊት ሲሮጥ ያገኙታል። እርስዎ እዚያ ባይገቡ እንኳ የእጅ መታጠቡ አለ፣ በየታካሚው። የእጅ ማጽጃው አልኮል አለ፤ መስታወቱ አክሪሊክ ፕላስቲክ ስለሆነ አልኮል ሲደጋገምበት ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል። የአልጋው ብረትም አለ። ለሥራ ሰከንድ ቆጣሪ ያለው፣ በመድኃኒት የሚታጠብ፣ ጎማ ማሰሪያ ያለው ርካሽ የባትሪ ሰዓት ይግዙ፤ የልብ ምት ለመቁጠርም እሱ ይሻላል። ኦሜጋው ከሥራ ሲወጡ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እንግዳ ቤት፣ ገበያ ይሂድ። «በየቀኑ» ማለት በየሰዓቱ ማለት አይደለም።

ማግኔት ሆስፒታል ብቻ አይደለም ያለው። የታብሌት ሽፋን፣ የእጅ ቦርሳ መዝጊያ፣ የስፒከር ጀርባ፣ ከስልክ ጀርባ የሚለጠፈው ቻርጀር፣ ሁሉም ማግኔት አላቸው። ሌሊት ሰዓቱን ስልኩ አጠገብ አያሳድሩት። ትናንት በትክክል ሲሄድ የነበረ ሰዓት ዛሬ አምስት ደቂቃ ከቀደመ መጀመሪያ ማግኔትን ጠርጥሩ። ተራ የመርፌ ኮምፓስ ያስጠጉበት፤ መርፌው ከተወዛወዘ ምክንያቱ ተገኘ። ማግኔቱን ማስወጣት ለሰዓት ሠሪ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው፣ ለዚህ ብሎ «ሙሉ ሰርቪስ ይፈልጋል» የሚልዎ ካለ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ውሃ። ጀርባው ላይ ውሃ አያስገባም የሚል ጽሑፍ ቢኖር እ.ኤ.አ. በ1962 እውነት ነበር። ዛሬ ጋርኒሲዮኑ አዲስ ቢሆንም የመሙያው፣ ማለትም ጎኑ ላይ ያለው የሚሽከረከር ቁልፍ፣ ቱቦና የመስታወቱ ጠርዝ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። ስለዚህ ዝናብ ካካፋበት አይጨነቁ፣ ከዚያ በላይ ግን ውሃ እንደማይችል አድርገው ይያዙት። በእኛ ቤት ትልቁ አደጋ ገላ መታጠብ አይደለም፣ ያንን ሁሉም ያውቃል። አደጋው ከምግብ በፊትና በኋላ እጅ ሲታጠቡ ነው። ውሃው ከእጅ አንጓ ላይ እየወረደ ቀጥታ መሙያው ሥር ይገባል፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ዓመት ሙሉ። እጅጌ ሲሰበስቡ ሰዓቱንም አውልቀው ኪስ ውስጥ ይክተቱት። በጥምቀት ጠበል ሲረጭም ቤት ይተዉት፣ በረከቱ ለእርስዎ ይበቃል።

ከመስታወቱ ሥር ጉም ካዩ አንድ ቀን እንኳ አያሳድሩት። ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚባለውን ይተዉ፤ ሩዝ ዱቄቱን ነው የሚጨምርበት። መሙያውን ስበው አውጡና በዚያው ቀን ሰዓት ሠሪ ዘንድ ይውሰዱት። ብረት ዘንጎች መዛግ የሚጀምሩት በቀናት ውስጥ ነው። የሜሪላንድ በጋ ደግሞ ላቡ ብዙ ነው፤ ጨው ከክዳኑ ጠርዝ ሥር ይቀመጥና ብረቱን እንደ ነቀዝ ይበሳል። ማታ ሲያወልቁት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጀርባውን ይጥረጉ፣ ይበቃል።

አሁን ጓደኞችዎ «አሳድሺው» ስላሉት። እባክዎ እንዳይሰሟቸው። ፊቱ ጠርዙ ወደ ታች ሰበር ሰበር ብሎ የሚወርድ፣ ባለ 12 ጎን ዓይነት ከሆነ፣ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚፈልጉት ያ ነው፣ የሚፈልጉትም ፋብሪካው እንዳተመው ሲሆን ነው። ነጠብጣብ ያለበት የመጀመሪያው ፊት፣ ታጥቦ እንደገና ከተቀባ አንጸባራቂ ፊት ይበልጣል፤ በዋጋም፣ በእኔ ዓይንም። እንደገና ሲቀባ ፊደሎቹ ይወፍራሉ፣ የኦሜጋው ምልክት ይጣመማል፣ አንዴ ከሆነ ደግሞ መመለሻ የለውም። ማሽኑን የያዘውን ብረት፣ ቀፎውንም እንዲሁ። ማሰሪያው የሚገባባቸው አራቱ እግሮች ሹል ጠርዝ አላቸው፤ መሞረጃ ላይ የወጣ ኮንስቴሌሽን እግሮቹ እንደ ተላሰ ከረሜላ ይሟሟሉ። ሰዎች ሰዓት በመደረግ ያልቃል ይላሉ፤ እኔ ያየሁት አብዛኛው ጥፋት «ላሳምርልዎ» ባለ እጅ የተፈጸመ ነው። ሰዓቱን ሲሰጡ በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፤ ቀፎው አይሞረድ፣ ፊቱ አይነካ፣ የተቀየረ ዕቃ ሁሉ ይመለስ።

መስታወቱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ማሳደስ ይችላሉ። ጭረቱ በፕላስቲክ ማጽጃ ቅባት በአሥር ደቂቃ ይጠፋል፣ በጥርስ ሳሙናም ቢሆን ይለዝባል። ከመቀየሩ በፊት ግን በማጉያ መሃሉን ይዩት። ፋብሪካው የሰጠው መስታወት ከሆነ ልክ መሃሉ ላይ ከአሸዋ ፍሬ የማትበልጥ የኦሜጋ ምልክት ታያላችሁ። ይህን ካገኙ አይጣል።

ጠቋሚዎቹና ነጥቦቹ ላይ በጨለማ እንዲያበራ የተቀባ ቀለም ካለ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በፊቱ ግርጌ፣ ስዊስ ሜድ ከሚለው ጽሑፍ ግራና ቀኝ «ቲ» ፊደል ካለ ቀለሙ ትሪቲየም የሚባል ጨረር ያለው ነገር ነው፣ ግማሹ በ12 ዓመት ገደማ ስለሚጠፋ ዛሬ የቀረው ጥቂት ነው። «ቲ» ከሌለው ራዲየም የሚባለው ሌላ ባለ ጨረር ነገር ሊሆን ይችላል። ራዲየም ማብራቱን ያቆመው ከእሱ ጋር የተደባለቀው ዱቄት ስለደከመ እንጂ ጨረሩ ስላለቀ አይደለም፤ ግማሹ ለመጥፋት ወደ 1,600 ዓመት ይፈልጋል። ተዘግቶ እስካለ ድረስ እጅ ላይ ማድረጉ የሚያስፈራ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ከፍቶ መፋቅ ወይም ብናኙን መተንፈስ ነው ክፉው። ለሰዓት ሠሪውም አስቀድመው ይንገሩት።

ቀኑ ማታ 12 ላይ መቀየሩ ብልሽት አይደለም፤ እንዲያውም ፈገግ አሰኝቶኛል። ቁጥሩ የሚቀየረው ጠቋሚዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው፣ ግን ከሁለት ግንኙነት አንዱ ላይ ብቻ። ሰዓቱ ፀሐይ ትውጣ ትግባ አያውቅም። በእኛ አቆጣጠር ስለተሞላ የእሱ 12 የፈረንጅ እኩለ ሌሊት ሳይሆን የእኛ 12 ሆነ። ጠዋት እንዲቀየር ቢፈልጉ 12 ሰዓት ሙሉ ወደፊት ማዞር ብቻ ነው፣ ሜሪላንድ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ቢሞሉትና ቀትር ላይ ቢቀየርብዎም መላው ያው ነው። ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ልያዝ ካሉ ይቻላል፣ ግን ሰዓቱ እስከ 31 ስለሚቆጥር በየወሩ አንድ ቀን መግፋት ይኖርብዎታል፤ ጳጉሜ 5 አልቆ መስከረም ሲጠባ ደግሞ 6 ብሎ ይጠብቅዎታል፣ ወደ 1 ለማድረስ 26 ቀን ወደፊት ነው። 561 ቀኑን ለብቻው የሚያስቀይር ነገር ስለሌለው ይህ ሁሉ በመሙያው ነው። እኔ ብሆን ለእንቁጣጣሽ ስል መሙያውን አላደክመውም። ሲያዞሩ ወደፊት ያዙሩ፣ የሚይዝ ነገር ከተሰማዎ አያስገድዱት።

ማሰሪያ ከመግዛትዎ በፊት በእግሮቹ መካከል ያለውን ስፋት ያስለኩ፣ ብዙዎቹ 18 ሚሊሜትር ናቸው። ከማሰሪያው በላይ የምለምንዎት ማሰሪያውን የሚይዙትን ሁለት ባለ ስፕሪንግ ዘንጎች እንዲቀይሩ ነው። የጥቂት ዶላር ዕቃ ናቸው፣ ሰዓት መሬት ላይ የሚወድቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእነሱ ነው። በሁለቱም ዘንጎች ሥር አልፎ የሚሄድ ባለ አንድ ወጥ ጨርቅ ማሰሪያ ካደረጉ አንዱ ዘንግ ቢበጠስ ሰዓቱ በሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል። አያምርም የሚሉ አሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ያድርጉት። ሠርግ ቤት ደግሞ እስክስታው ችግር የለውም፣ ጭብጨባው ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያጨበጭቡ ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚያርፈው ምት ቀላል አይደለም፤ ዘፈኑ ሲደምቅ አውልቀው ለሚቀመጥ ሰው ይስጡት።

ማን ይሥራው? ኦሜጋ ራሱ ስዊዘርላንድ ቢየን ባለው ፋብሪካው አሮጌ ሰዓቶችን ያድሳል፣ ዋጋውና የሚወስደው ጊዜ ግን ለብረት ኮንስቴሌሽን አይመጥንም ባይ ነኝ። አሮጌ ሜካኒካል ሰዓት የሚሠራ፣ በራሱ የቆመ ባለሙያ ይበቃል። በእርስዎ አካባቢ ጥቂት መቶ ዶላር ይጠይቅዎታል፣ መለዋወጫ ካስፈለገ ይጨምራል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፤ «ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ፈትተህ ነው የምታጥበው?» ከላይ ዘይት ጠብ አድርጌ እመልሳለሁ የሚል ከሆነ አመስግነው ይውጡ። ሥራው ሲያልቅ የመለኪያ ማሽኑን ውጤት ያሳይዎ። በዚህ ዕድሜው በቀን እስከ 10 ወይም 15 ሰከንድ ቢለያይ እኔ እረካለሁ። ከዚያ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይታይ፣ ወይም ማታ አውልቀውት ጠዋት ቆሞ ካገኙት ቶሎ።

ከመስጠትዎ በፊት ፊቱን፣ ጀርባውን፣ የውስጥ ቁጥሩን ፎቶ ያንሱ። የቤት ኢንሹራንስዎንም ይመልከቱ፤ ለተሰረቀ ጌጣጌጥና ሰዓት የሚከፍሉት ጣሪያ ብዙውን ጊዜ 1,500 ዶላር ገደማ ነው፣ በስም ካላስመዘገቡት በቀር። አባትዎ ከየት እንዳገኙት፣ መቼ፣ ስንት ዓመት እንዳደረጉት እናትዎን ጠይቀው ይጻፉት፤ እናትዎ ያስረከቡዎትን ቀን ጨምረው። ወረቀት የሌለው ሰዓት ምን እንደሚገጥመው በትልቁ ታይቷል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር የተባለ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ላይ የጨረታ ድርጅቱ ክሪስቲስ ሊያጫርተው ተዘጋጅቶ፣ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣበት ከጨረታው ወጣ። የእርስዎ ለጨረታ አይደለም፣ ነገ ለልጅዎ ወይም ለወንድምዎ ልጅ ሲያልፍ ግን ሁለት ገጽ ጽሑፍ ክርክር ያስቀራል።

ክዳኑ ሲከፈት የማሽኑንና የክዳኑን የውስጥ ገጽ ፎቶ ይላኩልኝ። ያ የጨረቃ ቅርጽ ያለው መስመር ካለ ከሰዓት ሠሪው ጋር ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ምን ምን እንደሚቀየር እነግርዎታለሁ።